ኤርንስት ስትሮመርና የተቃጠሉት አጥንቶች

ከቂርያት ማላኪ ወደ ኢየሩሳሌም ስንወጣ፣ ከተማዋ ከመግባታችን ትንሽ ቀደም ብሎ ቤት ዛይት የሚባል ሞሻቭ አለ። እዚያ ድንጋይ ላይ ባለሦስት ጣት የእግር ዱካዎች ይታያሉ። የሰጎን ይመስላሉ እንጂ በሁለት እግሩ የሚሄድ ዳይኖሰር የረገጣቸው ናቸው። የጂኦሎጂ ሊቁ ሞሼ አቭኒሜሌክ በ1962 ለዓለም አሳወቋቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል)። ላባ ነበረው? ከ1996 ጀምሮ ቻይና ውስጥ ላባ ያላቸው ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ስለተገኙ ጥያቄው የልጅ ጥያቄ አይደለም። ዱካ ግን ላባ አያሳይም።

በዚያ ዘመን አካባቢ፣ ማለትም የዛሬ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የኖሩ የሥጋ በሎች አጥንት የተገኘው በጎረቤታችን በግብፅ ነው። ያገኙት ሰው ሕይወት ከአጥንቶቹ ባልተናነሰ ስለሚገርም እሳቸውን ለዘንድሮው መጽሔት መረጥን።

ኤርንስት ስትሮመር በ1871 ጀርመን ውስጥ፣ በኑረምበርግ ከተማ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለዱ። ሙኒክ ተቀምጠው የጥንት እንስሳትን ቅሪተ አካል ያጠኑ ነበር። በ1910 መጨረሻ ግብፅ የሄዱት የጥንት አጥቢ እንስሳትን ፍለጋ ነው፤ ዳይኖሰር በሐሳባቸውም አልነበረም። በጥር 1911 ምዕራባዊውን በረሃ አቋርጠው ባሕሪያ ወደተባለችው የበረሃ ገነት ደረሱ፤ እዚያም ትልልቅ የዳይኖሰር አጥንቶች አገኙ። እሳቸው ከተመለሱ በኋላ ሪቻርድ ማርክግራፍ የተባሉ ሰብሳቢ ቁፋሮውን ቀጠሉ።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሣጥኖቹ ግብፅ ቀሩ። የመጨረሻዎቹ ሙኒክ የገቡት በ1922 ነው፤ ብዙው አጥንት በመንገድ ተሰባብሮ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ስትሮመር ግን ስብርባሪውን እያስገጣጠሙ፣ እያንዳንዱን አጥንት እየለኩና እያሳሉ ዓመታት ቆጠሩ። በ1915 ስፒኖሳውረስን አስተዋወቁ፤ ጀርባው ላይ የቆሙት አጥንቶች እስከ 1.65 ሜትር ይደርሱ ነበር። በ1934 ደግሞ ባሕሪያሳውረስ የተባለውን ሥጋ በል ከጥቂት አጥንቶች ተነስተው ሰየሙ።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ስትሮመር ፓርቲያቸው ውስጥ አልገቡም፤ ተቃውሟቸውንም አልደበቁም። እንደዚያ ባለ ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። ጦርነቱ ሲበረታ አጥንቶቹ ከሙኒክ ወጥተው ደህና ቦታ እንዲቀመጡ ለመኑ። የሙዚየሙ ኃላፊ ካርል ቦየርለን ግን የናዚ አባል ነበር፤ እሺ አላላቸውም። ሰውዬው ለግትርነቱ ሌላ ሰው ነው ዋጋ የከፈለለት። በሚያዝያ 1944፣ ከ24 ወደ 25 በሚያነጋው ሌሊት፣ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሙኒክን ደበደቡ፤ ሙዚየሙም ተቃጠለ። ስፒኖሳውረስ፣ ባሕሪያሳውረስ፣ የሰላሳ ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ።

ቤታቸውም አልተረፈም። ከሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ሁለቱ በጦርነቱ ሞቱ። ሦስተኛው ቮልፍጋንግ በሶቪየቶች እጅ ወድቆ፣ ሞቷል ተብሎ ከታሰበ በኋላ፣ በ1950 ተመለሰ። አባትየው ከልጃቸው ጋር ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ኖረው በ1952 አረፉ።

የተረፈው እንግዲህ የጻፉትና ያሳሉት ነው። አያቶቻችን በቃል ብቻ ያወረሱንን፣ ማንም ሳይጽፈው አብሯቸው የተቀበረውን ስናስብ ይሄ ነገር ልባችንን ይነካዋል። ቮልፍጋንግ በ1995 ለሙዚየሙ ከሰጡት የአባታቸው ሰነድ ውስጥ የስፒኖሳውረስ ፎቶዎች በ2000 ተገኙ። አሜሪካውያን ተመራማሪዎችም ወደ ባሕሪያ ተመልሰው አንድ ግዙፍ ቅጠል በል ዳይኖሰር አገኙ፤ በ2001 ሲሰይሙት በስማቸው ፓራሊቲታን ስትሮመሪ አሉት። በ2014 ሞሮኮ ውስጥ የተገኘ አዲስ የስፒኖሳውረስ አጽም ይፋ ሲደረግም፣ ተመራማሪዎቹ ያነጻጸሩት ከስትሮመር ሥዕሎች ጋር ነው። ባሕሪያሳውረስን የሚፈልግ ሰው ዛሬም የሚከፍተው በ1934 የታተመውን ጽሑፋቸውን ነው።