ባሮን ኒሺና ፈረሱ ኡራኑስ

ባሮን ታኬይቺ ኒሺ በ1902 ዓመተ ምሕረት በጃፓን አገር፣ በቶኪዮ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) አባቱ ባሮን ቶኩጂሮ ኒሺ የጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ ታላቅ ሰው ነው። እናቱ ግን ሕጋዊት ሚስት ስላልነበረች ልጁ ከእርስዋ ተለይቶ በአባቱ ቤት አደገ። በ1912 አባቱ ሲሞት፣ ገና ዐሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የባሮንነቱን ማዕረግና ብዙ ሀብት ወረሰ። ገንዘብ ተርፎት ወላጅ ያጣ ልጅ በቀላሉ ይበላሻል፤ እርሱም ቢሆን ኋላ ያማረ ልብስና ፈጣን አውቶሞቢል የሚወድ፣ ግብዣ የማይሰለቸው ሰው ስለ ሆነ ጻድቅ ነበር ብለን አንጽፍም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚወደው ፈረስ ነበር።

ወደ ጦር ትምህርት ቤት ገብቶ በ1924 ተመረቀና ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ተመደበ። በዚያ ዘመን በዓለም ጦር ሠራዊቶች ሁሉ መኪና የፈረስን ቦታ መውሰድ ጀምሮ ስለ ነበር፣ አስተዋይ ነን የሚሉ መኰንኖች ወደ ሌላ ክፍል ይዛወሩ ነበር። ኒሺ ግን ከጋጣው አልራቀም። በተለይ የወደደውም የዝላይ ጨዋታ ነው።

ይህን ጨዋታ አይተው ለማያውቁ ጓደኞቻችን ባጭሩ እንግለጽ። በሜዳው ላይ ከእንጨት አጥር፣ ከግንብና ከውኃ ጉድጓድ የተሠሩ መሰናክሎች በተራ ይቆማሉ፤ አንዳንዱ ከ1 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ፈረሰኛው ሁሉንም በተወሰነ ጊዜ መዝለል አለበት። አንድ እንጨት ቢወድቅበት፣ ፈረሱ አሻፈረኝ ብሎ ቢቆም ወይም ጊዜው ቢያልፍበት ጥፋት ይቈጠርበታል፤ ጥፋቱ ያነሰ ያሸንፋል። ቀድሞ ፈረሰኞች ሲዘሉ ወደ ኋላ ተለጥጠው ልጓሙን ይስቡ ነበር። ፌዴሪኮ ካፕሪሊ የሚባለው ኢጣሊያዊ መኰንን (1868–1907) ይህ ፈረሱን ማሠቃየት መሆኑን ተረድቶ፣ ፈረሰኛው እርካቡን አሳጥሮ ወደ ፊት እንዲያዘነብልና የፈረሱን አንገት ነጻ እንዲተው አስተማረ። ዛሬ በዓለም የሚዘል ሰው ሁሉ የሚዘለው በካፕሪሊ መንገድ ነው። ኒሺም ይህንኑ ተከተለ።

በ1930 አንድ ባልንጀራው መኰንን በኢጣሊያ አገር የሚሸጥ ታላቅ ፈረስ መኖሩን ነገረው። ፈረሱ ቁመቱ እጅግ የረዘመ፣ ጠባዩ አስቸጋሪ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ቦራ ነበር። ኒሺ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ኢጣሊያ ሄደ፤ ዋጋውን ጦሩ ስላልከፈለለት ከገዛ ኪሱ ከፍሎ ገዛው። የፈረሱ ስም ኡራኑስ ይባላል። ሌሎች ሰዎች ሊገሩት ያልቻሉት ፈረስ ለዚህ ሰው እንደ ጠቦት ታዘዘለት ማለት ግን ውሸት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ታግሎት፣ በአውሮፓ ውድድሮች ይዞት ዞሮ፣ ቀስ በቀስ ተግባቡ።

በ1932 በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ጨዋታ ተደረገ። የዝላዩ ውድድር የዋለው በመጨረሻው ቀን፣ ኦገስት 14፣ በታላቁ በኮሎሲየም ሜዳ ነው። መሰናክሎቹ በጣም ከባድ ስለ ነበሩ ብዙ ፈረሰኞች ሳይጨርሱ ወጡ፤ ሦስቱን ፈረሰኞቹን አሟልቶ የጨረሰ አገር ባለመኖሩ ለቡድን የሚሰጠው ሜዳይ ሳይሰጥ ቀረ። አሜሪካዊው ሃሪ ቻምበርሊን ሾው ገርል በምትባል ፈረስ 12 ጥፋት ብቻ አስመዝግቦ ነበርና የአገሩ ሰዎች ድሉ የእነርሱ መስሏቸው ነበር። ኒሺና ኡራኑስ 8 ጥፋት አስመዝግበው የወርቅ ሜዳዩን ወሰዱ። ስዊድናዊው ክላረንስ ፎን ሮዘን ሦስተኛ ሆነ።

በዚያው ኦሊምፒክ ሹንዞ ኪዶ የሚባል ሌላ ጃፓናዊ መኰንን በረጅሙ የሜዳ ግልቢያ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ፈረሱ መድከሙን አይቶ፣ ይሙትብኝ ከማለት ወርዶ ውድድሩን ተወ። ለኪዶ የደረሰው ሜዳይ የለም። እኛ ግን ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ ማሰብ አቅቶናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ኦሊምፒክ የአማተሮች ማለትም ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅር የሚጫወቱ ሰዎች ነው ይባል ነበር። በፈረስ ግልቢያ ግን መኰንን የሆነ ወታደር አማተር ሲባል፣ የበታች ሹም የሆነው ደመወዝተኛ ነው ተብሎ ይከለከል ነበር፤ በ1948 አሸንፎ የነበረው የስዊድን ቡድን እንኳ አንዱ አባሉ እውነተኛ መኰንን አይደለም ተብሎ ሜዳዩን ተነጠቀ። ሴቶችም በኦሊምፒክ ዝላይ የተፈቀደላቸው በ1956 ነው። ፈረሱ ስለ ጋላቢው ማዕረግ የሚያውቀው ነገር የለምና ይህ ሕግ ለእኛ ፍርደ ገምድል ይመስለናል።

በ1936 ኒሺና ኡራኑስ በበርሊን እንደ ገና ዘለሉ፤ ፈረሱ አርጅቶ ስለ ነበር ሜዳይ አላገኙም። የ1940 ኦሊምፒክ ለቶኪዮ ተሰጥቶ ነበር፤ ለፈረሶቹም ባጂ ኮየን የሚባል ሰፊ ቦታ ተዘጋጀ። ጃፓን ግን ቻይናን ወርራ ስለ ነበር በ1938 ግብዣውን መለሰች። ጦርነቱን የጀመረው የኒሺ የራሱ ሠራዊት ነውና፣ ሲጠብቀው የነበረውን ውድድር ያጠፋበት ጠላት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ፈረሰኛው ጦር ተለወጠና ኒሺ የታንክ አዛዥ ሆነ። በ1944 ሌተናል ኮሎኔል ሆኖ የ26ኛውን የታንክ ሬጅመንት ይዞ ኢዎ ጂማ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ታዘዘ። ታንኮቹን የጫነችው መርከብ በመንገድ በአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ስለ ሰጠመች፣ ሌላ ታንክ ለመለመን ወደ ቶኪዮ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ በባጂ ኮየን ይጦር ወደ ነበረው ወደ ሽማግሌው ፈረሱ ሄደ። ኡራኑስ ኮቴውን ሰምቶ እንዳወቀው ይነገራል፤ ፈረስ ያሳደገ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ኒሺ ከጋማው ጥቂት ጠጕር ቈርጦ ይዞ ሄደ።

የኢዎ ጂማ ውጊያ የተጀመረው በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1945 ነው። ደሴቲቱን 21,000 የሚያህሉ ጃፓናውያን ይጠብቁ ነበር፤ የተረፉት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ከአሜሪካኖችም 7,000 የሚጠጉ ሞቱ። በዚያ አሸዋና ድንጋይ ላይ ታንክ መንዳት አስቸጋሪ ስለ ነበር ብዙዎቹ ታንኮች መሬት ውስጥ ተቀብረው እንደ መድፍ ሠሩ። አሜሪካኖች በድምፅ ማጉያ ስሙን እየጠሩ እጅህን ስጥ አሉት የሚለውን ወሬ ብዙዎች ይወዱታል፤ እኛ ግን በታሪክ ቦታ አናስቀምጠውም።

ኒሺ በማርች 1945 በ42 ዓመቱ እዚያው ሞተ። በዚያው ወር ኡራኑስም በቶኪዮ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጃፓን በኦሊምፒክ በፈረስ ግልቢያ ሌላ ሜዳይ ያገኘችው ከ92 ዓመት በኋላ፣ በ2024 በፓሪስ ሲሆን እርሱም የነሐስ ነው። ወርቁ እስካሁን የኒሺ ብቻ ነው። በባጂ ኮየንም በ2021 የኦሊምፒክ ዝላይ ተደርጎበታል።