ብርሃንን ለሁለት የከፈለው ሰው



የላብ ውጤት ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ሲለው ቁጥሩን ትንሽ ነካ ማድረግ ያላማረው ተማሪ ማን አለ? ለዚህ ፈተና የአልበርት ማይክልሰን ሕይወት ጥሩ ትምህርት አለው።

ማይክልሰን በ1852 (እ.ኤ.አ.) በዛሬዋ ፖላንድ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በሕፃንነቱ ወላጆቹ ወደ አሜሪካ ይዘውት ሄዱ፤ አባቱ በማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ ነጋዴ ነበር። ልጁ ወደ ባሕር ኃይል አካዳሚ የመግባት ዕድል ሲያመልጠው ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ፕሬዚዳንት ግራንትን ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። በ1873 ተመረቀ፤ በኋላም እዚያው ፊዚክስ አስተማረ።

በዘመኑ ብርሃን የሚጓዘው ኤተር በተባለ የማይታይ ነገር ውስጥ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ምድር በኤተር ውስጥ ስትጓዝ የሚፈጠረውን ለውጥ ለመለካት ማይክልሰን በ1881 ጀርመን ሳለ ኢንተርፌሮሜትር ሠራ። መሣሪያው አንድን ጨረር ለሁለት ከፍሎ በተለያየ መንገድ ይልካል። ሁለቱ ተመልሰው ሲገናኙ ብሩህና ጨለማ መስመሮች ይታያሉ፤ አንዱ መንገድ በጥቂቱ እንኳ ቢለወጥ መስመሮቹ ይንቀሳቀሳሉ። በበርሊን ከእኩለ ሌሊት በኋላም የመንገዱ ንዝረት ሥራውን ስላበላሸበት መሣሪያውን ወደ ፖትስዳም አዛወረው።

በ1887 ከኤድዋርድ ሞርሊ ጋር ሙከራውን በክሊቭላንድ፣ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ምድር ቤት ደገመው። ንዝረት እንዳይነካው መሣሪያውን በሜርኩሪ ላይ በሚንሳፈፍ ትልቅ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። መስመሮቹ የአንድ መስመር ስፋት 0.4 ያህል ይዛወራሉ ብለው ጠበቁ። ያገኙት ግን የዚያን አንድ ሃያኛ እንኳ አልሞላም።

ማይክልሰን ቅር አለው፤ ቁጥሩን ግን አልነካም፤ ውጤቱን እንዳለ አሳተሙት። የከሸፈ የመሰለው ያ ሙከራ በኋላ ለአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ትልቅ ድጋፍ ሆነ። ማይክልሰን በ1907 የኖቤል ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሆነ። በ1931 ሲሞትም የብርሃንን ፍጥነት እየለካ ነበር።

ዛሬ ያው ሐሳብ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ፋይበር ውስጥ ይሠራል። ብርሃኑ በሁለት ፋይበሮች ይላካል፤ አንደኛው ተጠብቆ ይቀመጣል፣ ሌላው ለአካባቢው ይጋለጣል። ሙቀት ወይም ግፊት የተጋለጠውን ሲለውጠው የብርሃኑ መገጣጠም ይዛወራል፤ ከዚያም ልኩ ይሰላል። ማይክልሰንን ያማረሩት ንዝረትና ሙቀት ለእኛ ዘመን መሐንዲስ የሚፈለጉ መረጃዎች ሆኑ።

እህቴ፣ ወንድሜ! ዒልም አማና ነው። ያልጠበቅነውን ቁጥር ደብቀን ብናልፍ ምናልባት የምንደብቀው ትልቁን ግኝት ይሆናል። በሚቀጥለው የላብ ሪፖርታችን ያየነውን እንጻፍ፣ ኢንሻአላህ።