አሌክሳንደር ግራሃም ቤልና የተሰወረው ጥይት

የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስም በተነሣ ቁጥር የሁላችንም አሳብ ወደ ቴሌፎን ይሄዳል። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ ሊቅ ከደከመባቸው ሥራዎች መካከል ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አለ፤ ይኸውም በሰው ገላ ውስጥ የተሰወረ ጥይት ለመፈለግ የሠራው መሣሪያ ነው። ዛሬ ፈንጂ ለማንሣትና ወርቅ ለመፈለግ የሚያገለግሉት ብረት ጠቋሚ መሣሪያዎች የዚሁ መሣሪያ ዘመዶች ናቸው። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ስለ ቤል ለመጻፍ የተነሣሁት፥ እኛ ተማሪዎች ከድሉ ይልቅ ካልተሳካለት ሥራው የምንማረው ስለሚበዛ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤል በማርች 3 ቀን 1847 በስኮትላንድ አገር በኤዲንበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግግር አስተማሪ ነበሩ፤ የሰው አፍና ምላስ ድምፅን እንዴት እንደሚያወጡ በምልክት የሚያሳይ ልዩ ጽሕፈትም አዘጋጅተዋል። እናቱ ደግሞ ጆሮአቸው በጣም የደከመ ነበር። እንግዲህ ልጁ ያደገው አንዱ ወላጅ ስለ ድምፅ በሚመራመርበት፥ ሌላው ወላጅ ግን ድምፅን በብዙ ችግር በሚሰማበት ቤት ውስጥ ነው። በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ድምፅን ሲያሳድድ የኖረበት ምክንያት ከዚህ የተነሣ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሁለቱ ወንድሞቹ፥ አንዱ በ1867 ሌላው በ1870፥ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ወላጆቹም የቀረላቸውን አንድ ልጅ ለማዳን ሲሉ በ1870 አገራቸውን ትተው ወደ ካናዳ ተሻገሩ። በሚቀጥለው ዓመት ወጣቱ ቤል ወደ አሜሪካ ወደ ቦስተን ሄዶ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ጀመረ። ቀን እያስተማረ ሌሊት በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ይመራመር ነበር። ቶማስ ዋትሰን ከሚባል ብልህ የእጅ ሠራተኛ ጋር ከደከመ በኋላ፥ በማርች 7 ቀን 1876 የቴሌፎን የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ ከሦስት ቀንም በኋላ የሰው ቃል በሽቦ ተላልፎ ተሰማ። በ1877 ሜብል ሀበርድን አገባ። እርሷም በሕፃንነቷ በደረሰባት ሕመም ምክንያት መስማት የተሳናት ነበረች።

ገና ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይሞላው በዓለም የታወቀ ሰው ሆነ። በዚሁ ጊዜ ነው ያ አስጨናቂ በጋ የመጣው።

በጁላይ 2 ቀን 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ሥልጣን ከያዙ አራት ወር እንኳ ሳይሞላቸው በዋሺንግተን የባቡር ጣቢያ በጥይት ተመቱ። አንደኛው ጥይት ክንዳቸውን ጭሮ አለፈ፤ ሁለተኛው ግን በጀርባቸው ገብቶ የት እንደ ቆመ ሳይታወቅ ቀረ። ኤክስ ሬይ የተገኘው በ1895 ስለሆነ፥ በዚያን ጊዜ የሰውን ገላ ሳይከፍቱ ውስጡን የሚያዩበት መንገድ አልነበረም። ሐኪሞቹ ጥይቱን ለማግኘት ጣታቸውንና መሣሪያቸውን በደንብ ሳያጸዱ ወደ ቁስሉ ደጋግመው ያስገቡ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በመድኃኒት ከብክለት ስለ መጠበቅ በ1867 ጽፎ የነበረ ቢሆንም፥ ብዙዎቹ የአሜሪካ ሐኪሞች ትምህርቱን ገና አልተቀበሉትም ነበር።

ቤል ይህን በሰማ ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። በአንድ የሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ፥ በአጠገቡ ባለ በሁለተኛው ጥቅል ውስጥ ሳይነካው ሌላ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ሁለቱ ጥቅሎች በልክ ከተደራረቡ ግን የሚቀሰቀሰው ኃይል ራሱን በራሱ ያጠፋና ከሁለተኛው ጥቅል ጋር የተያያዘው ቴሌፎን ዝም ይላል። ዴቪድ ሂውዝ የተባለ ሊቅ በ1879 በዚህ ዓይነት የሚሠራ ሚዛን አሳይቶ ነበር። ሚዛኑ እንደ ተስተካከለ ብረት ወደ ጥቅሉ የቀረበ እንደ ሆነ ዝምታው ይፈርሳል፤ ቴሌፎኑም ይጮኻል። ታዲያ ብረት በሰው ገላ ውስጥ ቢሆንስ ለምን አይጮኽም? ሥጋ ኤሌክትሪኩን እንደ ብረት አያውክምና።

ቤል ሥራውን ትቶ ወደ ዋሺንግተን ሮጠ። ከረዳቱ ከቻርልስ ሰምነር ቴንተር ጋር ሌሊትና ቀን ይሠራ ጀመር። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጀምሮ ጥይት በገላቸው ተሸክመው በሚኖሩ አሮጌ ወታደሮች ላይ መሣሪያውን ሞከረው፤ ጥይቱ ያለበትንም ስፍራ ጠቆመለት።

በጁላይ 26 ቀን መሣሪያው ወደ ፕሬዚዳንቱ አልጋ ቀረበ። ነገር ግን ቴሌፎኑ ያለማቋረጥ የሚንጫጫ ድምፅ ያሰማ ስለ ነበር ምንም ለመለየት አልተቻለም። በኋላ ሲመረመር ከመሣሪያው ክፍሎች አንዱ በትክክል አልተገጠመም ነበር። ቤል አስተካክሎ በኦገስት 1 ቀን ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ደግሞ መሣሪያው ደካማ ድምፅ ሰጠ፤ ድምፁ ግን እንደ ጥይት በአንድ ነጥብ ላይ የቆመ ሳይሆን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ የተዘረጋ ነበር። በማግሥቱ ቤል ጠይቆ እንደ ተረዳው፥ ፕሬዚዳንቱ ከተኙበት ፍራሽ በታች ከብረት ሽቦ የተሠራ ሌላ ፍራሽ ነበረ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው አልጋ ገና አዲስ ስለ ነበረ ብረት ይኖርበታል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ብዙ ሰዎች ታሪኩን ሲናገሩ እዚህ ላይ ያቆሙና ጥፋቱን ሁሉ በአልጋው ላይ ይጥሉታል። ቤል ግን እውነተኛ መርማሪ ስለ ነበረ ለራሱ የሚመች ምክንያት በማግኘቱ ብቻ አልረካም። ያንን የመሰለ ፍራሽ አስመጥቶ መረመረው። ድምፅ የተሰማበት ቦታ ከአልጋው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ስለ ነበረም፥ ያሳሳተኝ ፍራሹ ነው ብሎ ለመደምደም አልቻለም። እውነተኛው ምክንያት የታወቀው ፕሬዚዳንቱ በሴፕቴምበር 19 ቀን፥ ከተመቱ በሰባ ዘጠነኛው ቀን፥ ከሞቱ በኋላ ነው። አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቱ በግራ ጎናቸው፥ ከጣፊያ አጠገብ ካለው ከቆሽት ኋላ፥ መሣሪያው ሊደርስበት ከማይችል ጥልቀት ተገኘ። ዋናው ሐኪም ዶክቶር ብሊስ ግን ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው አስቀድመው ስለ ቈረጡ፥ የተፈለገውም በቀኝ በኩል ነበር። ፕሬዚዳንቱንም የገደላቸው ጥይቱ ሳይሆን በቁስሉ ውስጥ የገባው ብክለት እንደ ሆነ የዛሬ ሐኪሞች በብዛት ይስማሙበታል።

ስለዚህ ቤልን የተቃወሙት ሦስት ነገሮች ነበሩ ማለት ነው፤ ያልታሰበ ብረት ከታች፥ ጥልቀት ከውስጥ፥ የሰው እርግጠኝነት ከላይ። ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው የተሻለ መሣሪያ መሥራት ይቻላል። ሦስተኛውን ግን የትኛውም መሣሪያ አያድነውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በቤል ቤት ሌላ ኀዘን ደረሰ። በኦገስት 15 ቀን ባለቤቱ ጊዜው ያልደረሰ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሕፃኑም መተንፈስ አቅቶት በዚያው ቀን ሞተ። ቤል ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አየርን እየሳበና እየለቀቀ ደረትን የሚያንቀሳቅስ፥ ለመተንፈስ የሚረዳ መሣሪያ ሠራ። ለጥይት ፍለጋውም ከቴሌፎን ጋር የተያያዘ መርፌ አበጀ፤ መርፌው በገላ ውስጥ ጥይቱን ሲነካ በቴሌፎኑ ድምፅ ይሰማል። ኤክስ ሬይ እስኪገኝ ድረስ ሐኪሞች በዚህ መርፌ ተጠቅመዋል። በ1882 ደግሞ የደረሰበትን ሁሉ፥ ያልተሳካውን ጭምር፥ ጽፎ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት አቀረበ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ዕድሜው ረጅምና ሥራ የሞላበት ነው። ማየትና መስማት ለተሳናት ለሄለን ኬለር ወላጆች አስተማሪ የሚያገኙበትን መንገድ አሳየ። በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ ከወጣቶች ጋር አብሮ ሲሠራ፥ ማኅበራቸው ያበጀው አውሮፕላን በ1909 በበረዶ ላይ ተነሥቶ በረረ። የሰው ሥራ ሁሉ ግን እንከን አያጣውም። ቤል መስማት የተሳናቸው ልጆች በእጅ ምልክት ሳይሆን በአፍ ንግግር ብቻ ይማሩ የሚል ጽኑ አሳብ ነበረው፤ በዚህም ምክንያት የብዙዎች ቋንቋ ከትምህርት ቤት ተገፍቶ ቆይቶአል። ዛሬ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በዚህ ይወቅሱታል፤ ወቀሳውም ትክክል ነው። በዶክቶር ብሊስ ላይ የታየው አስቀድሞ የመቊረጥ ጠባይ በቤልም ላይ ሳይታይ አልቀረም። ቤል በኦገስት 2 ቀን 1922 በሰባ አምስት ዓመቱ አረፈ፤ በተቀበረበትም ሰዓት የሰሜን አሜሪካ ቴሌፎኖች ለአንድ ደቂቃ ዝም አሉ።

የጥይት ፍለጋው አሳብ ግን አልሞተም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዩሴፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኰንን፥ ቤል በተወለደበት በስኮትላንድ ሆኖ ወታደር በእጁ ይዞት የሚሄደውን ፈንጂ ጠቋሚ ሠራ፤ በ1942 በኤል አላሜይን ጦርነት ጊዜ አገልግሎአል። ፈንጂ ፈላጊዎችም የቤልን ችግር በሌላ መልክ አገኙት። ምድር እንደ ፕሬዚዳንቱ አልጋ ናት፤ በውስጧ ያልታሰበ ብረት አለ። አፈሩ ቀይ ሆኖ የብረት ማዕድን የበዛበት እንደ ሆነ፥ ወይም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ካለበት፥ መሣሪያው ምንም ሳይቀበር ይጮኻል።

መድኃኒቱ ይህ ነው። ፈላጊው አስቀድሞ የተቀበረ ብረት የሌለበት ንጹሕ ቦታ ይመርጣል። የመሣሪያውን ክብ ራስ ወደ መሬት ዝቅ፥ ከመሬት ከፍ እያደረገ ያዳምጣል። ዝቅ ሲል ድምፁ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ፥ ከፍም ቢል ዝቅም ቢል ድምፁ ሳይለወጥ እስኪቀር ድረስ ማስተካከያውን ያዞራል። ይህን ማድረግ የሚቻለው በማዕድን የተሞላ አፈርና እውነተኛ ብረት ለኤሌክትሪኩ የሚሰጡት መልስ በጊዜ ስለሚለያይ ነው፤ መሣሪያው የአፈሩን መልስ ከተማረ በኋላ ይተወውና ለብረቱ ብቻ ይጮኻል። አፈሩ እጅግ ከከፋ የመሣሪያውን ኃይል መቀነስ ያስፈልጋል፤ ኃይል ሲበዛ ጩኸቱ እንጂ ማስተዋሉ አይጨምርምና። ኃይሉ ሲቀንስ ግን ጥልቀት ያለው ነገር ሊያመልጥ ስለሚችል፥ በዝግታና ራሱን ወደ መሬት አቅርቦ መሄድ ግድ ነው። የአፈሩም ቀለም በተለወጠ ቁጥር ሥራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። ከ1998 እስከ 2000 በሰሜን ድንበራችን በተደረገው ጦርነት ብዙ ፈንጂ ተቀብሮ ነበር፤ ከጦርነቱም በኋላ በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ ፈንጂ አምካኞች ብዙ ደክመዋል። ከፈንጂዎች አንዳንዶቹ ከፕላስቲክ የተሠሩና ብረታቸው ከመርፌ የማይበልጥ ስለሆነ፥ የአፈሩን ድምፅ ከፈንጂው ድምፅ ያልለየ ሰው እግሩን ወይም ሕይወቱን ያጣል። በዚያ ሥራ ላይ ትዕግሥት የእንጀራ ጉዳይ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

ውድ አንባብያን፥ የዘንድሮ ተመራቂዎች ከዚህ ግቢ ወጥተን ወደ ልዩ ልዩ ሥራ እንበተናለን። ከመካከላችን ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ አስተማሪ የሚሆን አለ። በምንሄድበት ሁሉ ከእግራችን በታች ያለውን ሳንመረምር የምንፈልገውን ለማግኘት እንዳንቸኩል፥ በቀኝ ነው ብለን ስለ ተናገርን ብቻ ግራውን ሳንፈልግ እንዳንቀር፥ ያልተሳካልንንም ሥራ ደብቀን ሳይሆን ጽፈን እንድናስቀምጥ የቤል ታሪክ ያስተምረናል። የግራው ጎን ተፈልጎ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው ይደርስበት ነበር ለማለት አይቻልም፤ ሳይፈለግ መቅረቱ ግን የመሣሪያው ጥፋት አልነበረም።