ጄኔራል ፖል ለዣንቲዮም በጂቡቲ

ፖል ለዣንቲዮም በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ቫሎኝ በተባለች ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ሳን ሲር ከሚባለው ዝነኛ የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ መኮንን ሆነ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በነሐሴ ወር 1906 ዓ.ም.፣ በጀርመኖች እጅ ወድቆ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ በምርኮኝነት ኖረ። በውትድርና ዘመኑም ከሀገሩ ርቆ በኢንዶቻይናና በማዳጋስካር አገልግሏል።

በ1931 ዓ.ም. በጂቡቲ የሚገኘው የፈረንሳይ ጦር አዛዥ ሆኖ ተሾመ። በዚያን ጊዜ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ከወረረች ሦስት ዓመት አልፏል፤ አርበኞች በየጫካው ይዋጉ ነበር። ጂቡቲ ደግሞ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የአዲስ አበባ ባቡር መድረሻ ወደብ በመሆኗ ኢጣሊያ አጥብቃ ትመኛት ነበር። ስለዚህ የጄኔራሉ ዋና ሥራ ይህችን ትንሽ ወደብ ከዚህ ምኞት መጠበቅ ነበር።

በጂቡቲ የነበረው የወታደር ኑሮ ቀላል አልነበረም። በበጋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፤ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስም አሸዋውን እያነሣ ፊትን ይገርፋል። ዝናብ እምብዛም ስለማይጥል ውኃ የሚገኘው ከአምቡሊ ጉድጓዶች ነበር፤ ምግቡም በአመዛኙ በባቡር ወይም በመርከብ የሚመጣ ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ዘብ ይቆሙና ምሽግ ይጠብቁ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ ፈረንሳውያን አልነበሩም፤ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ሴኔጋላውያንና የአካባቢው ሶማሌዎች ነበሩ። በ1932 ዓ.ም. ለዣንቲዮም ሰባት ሻለቃ እግረኛ፣ መድፎች፣ ጥቂት ቀላል ታንኮች፣ የግመል ጦርና አውሮፕላኖች ነበሩት። ከኢጣሊያ ጋር ጦርነት ቢነሣ የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ጦር ጭምር እንዲያዝ እንግሊዞች ተስማምተው ነበር።

ኢጣሊያ በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. ወደ ጦርነቱ ገባች፤ አውሮፕላኖቿም ጂቡቲን ደበደቡ። ይሁን እንጂ የጂቡቲ ዕጣ የተወሰነው በጂቡቲ አልነበረም። ፈረንሳይ በጀርመን ተሸንፋ ነበርና ሰኔ 17 ቀን ከኢጣሊያ ጋር የተኩስ ማቆም ውል ፈረመች። በውሉ መሠረት የጂቡቲ ጦር ትጥቁን እንዲፈታ፣ ኢጣሊያም በወደቡና በባቡሩ እንድትገለገል ተወሰነ።

ለዣንቲዮም ከከባድ ፈተና ላይ ወደቀ። ወታደር ትእዛዝ መፈጸም አለበት፤ ትእዛዙ ግን ሳይዋጋ ለጠላት እንዲገዛ የሚያደርግ ሆነ። እሱም ውሉን አልቀበልም አለ፤ ከእንግሊዞች ጎን ቆሞ ጦርነቱን ለመቀጠል ቆረጠ። ነገር ግን ከሹማምንቱ ብዙዎቹ አልተከተሉትም። ከፊሎቹ የመንግሥት ትእዛዝ መከበር አለበት ይሉ ነበር፤ በጀርመን እጅ በወደቀችው ሀገራቸው ስለቀሩት ቤተሰቦቻቸው የሚጨነቁም ነበሩ። በቪሺ የተቋቋመው የፈረንሳይ መንግሥት ጄኔራል ዤርሜንን በሱ ምትክ ላከ። የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤትም ለቪሺ ታዛዥ ለመሆን ወሰነ። የጂቡቲን ሕዝብ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሐምሌ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. ለዣንቲዮም ጦሩንና ሥልጣኑን ትቶ ከጥቂት መኮንኖች ጋር ወደ እንግሊዝ ሶማሌላንድ ተሻገረ። በማግሥቱ ኢጣሊያኖች ሶማሌላንድን ወረሩ። እንግሊዞች በጂቡቲ ጦር ተማምነው የነበረ በመሆኑ ግንባራቸው ሳስቶ ተገኘ፤ በነሐሴ አጋማሽም አገሪቱን ለቀው ወጡ።

ለዣንቲዮም ወደ ለንደን ሄዶ ከጄኔራል ሻርል ደ ጎል ጋር ተሰለፈ። የቪሺ መንግሥት በሌለበት የሞት ፍርድ ፈረደበት። እሱ ግን በ1933 ዓ.ም. በሱዳንና በኤርትራ የነበሩት የነፃ ፈረንሳይ ወታደሮች አዛዥ ሆነ፤ ወታደሮቹም በከረንና በምጽዋ ጦርነቶች ተካፈሉ። በዚያው ዓመት በሶርያ ሲዋጋ ቆሰለ። ጂቡቲ ግን በእንግሊዞች ከበባ ምክንያት ስትራብ ከቆየች በኋላ በታኅሣሥ 1935 ዓ.ም. ወደ ነፃ ፈረንሳይ ወገን ገባች። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ጄኔራሉ የለመነው ነገር ብዙ ሰው ከተጎዳ በኋላ ተፈጸመ።

ከጦርነቱ ፍጻሜ በኋላ የፓሪስ ወታደራዊ ገዢ ሆኖ አገለገለ። ግንቦት 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በ91 ዓመቱ ሞተ። ጂቡቲም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ከፈረንሳይ አገዛዝ ወጥታ ነፃ ሀገር ሆነች።

የለዣንቲዮም ሕይወት የሚያስተምረው ነገር አለ። ጠላትን በጦር ሜዳ መግጠም ጀግንነት ነው፤ የገዛ ጓዶችን አሳብ ተቃውሞ፣ ሹመትንና ሀገርን አጥቶ በእውነት ላይ መቆም ግን ከዚያም የሚከብድ ጊዜ አለ።