ፖል ላንዥቫን፦ የተሰወረውን በድምፅ የመረመረ ሊቅ

ከወገዳ ቁልቁል የበሽሎና የዓባይ ሸለቆዎች ይዘረጋሉ። እንዲህ ባለ አገር ድልድይ የሚያቆም መሐንዲስ ደለሉን አልፎ ጽኑ መሬት እስኪያገኝ በጥልቅ መቆፈር፣ ፌሮ አስሮ ማውረድና ኮንክሪት መሙላት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምሰሶው ከተቀበረ በኋላ ግን ዓይን አይደርስበትም፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ተደርምሶ አፈር ከኮንክሪቱ ቢቀላቀል ከላይ ሆኖ የሚያየው የለም። ይህን ስውር ጉድለት በድምፅ ለመመርመር ያስቻለው ጥበብ ምንጩ ሲፈለግ ከፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ከፖል ላንዥቫን ዘንድ ይደረሳል።

ላንዥቫን በ1872 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፓሪስ ተወለደ። አባቱ የሕንጻን ሥራ መጠንና ዋጋ እየለካ የሚያረጋግጥ ባለሙያ ነበር። ልጁ በከተማይቱ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ከፒየር ኩሪ ተማረ። ኩሪ ከወንድሙ ከዣክ ጋር ሆኖ እንደ ኳርትዝ ያሉ ድንጋዮች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ በ1880 ደርሶበት ነበር፤ ግኝቱ ግን ለብዙ ዘመን ከቤተ ሙከራ አልወጣም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ባሕሩን ባስጨነቁ ጊዜ፣ ቺሎቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ መሐንዲስ በውሃ ውስጥ የተሰወረን ነገር በገደል ማሚቶ ዓይነት ለመፈለግ ሐሳብ አቀረበ። ላንዥቫን በ1915 ሥራውን ጀመረ። በ1917 ኳርትዝን በብረት ዝርግ መካከል አጣብቆ በኤሌክትሪክ ቢያርገበግበው፣ ጆሮ የማይሰማው ረቂቅ ድምፅ ወጣ። በ1918 ከሰርጓጅ መርከብ ነጥሮ የተመለሰውን ድምፅ ተቀበለ።

የዛሬው የመሠረት ምሰሶ ምርመራ የዚሁ ጥበብ ልጅ ነው። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ቧንቧዎች ከፌሮው ጋር ይታሰሩና ውሃ ይሞላባቸዋል። በአንዱ ቧንቧ ድምፅ ላኪ፣ በሌላው ተቀባይ ወርዶ ሁለቱም እኩል ወደ ላይ ይሳባሉ። በደኅና ኮንክሪት ውስጥ ድምፁ በሴኮንድ 4000 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አፈር ወይም ባዶ ቦታ ሲገጥመው ይዘገያል፣ ይደክማልም። ላኪውና ተቀባዩ በተለያየ ከፍታ ሆነው ልኬቱ ሲደጋገም የጉድለቱ ሥፍራና ቅርጽ በሥዕል ይወጣል። ሆኖም የሚመረመረው በቧንቧዎቹ መካከል ያለው ብቻ ነው፤ ከፌሮው ውጭ ያለው ልባስ በዚህ መንገድ አይታወቅም።

ላንዥቫን ከቤተ ሙከራው ውጭም ዝም ያለ ሰው አልነበረም። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ከመውረሯ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1934፣ ፋሺዝምን የሚቃወመውን የምሁራን ኮሚቴ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በ1940 ጀርመኖች አሠሩት፤ ከዚያም በትሯ ከተማ በቁም እስር አቆዩት። የልጁ ባል ዣክ ሶሎሞን በ1942 ተረሸነ፤ ልጁ ኤሌን ወደ አውሽዊትዝ ተጋዘች፣ በሕይወትም ተመለሰች። እርሱ በ1944 ወደ ስዊዘርላንድ አመለጠ። በታኅሣሥ 1946 በፓሪስ አረፈ፤ በ1948 አፅሙ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዮን ተዛወረ።

ለሙያችን የተረፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ቧንቧው በጊዜው ካልታሰረ ኋላ የምሰሶውን ውስጥ በዚህ መንገድ ለመመርመር ራሱን ምሰሶውን መብሳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ምርመራው የሚወሰነው ጥርጣሬ በተነሣ ዕለት ሳይሆን፣ ንድፉ በሚነደፍበትና ውሉ በሚፈረምበት ጊዜ ነው።