የእንዶድ ስኳር በዶክተር አክሊሉ ለማ የምርምር ሕይወት

ከቴዎድሮስ አደባባይ ብዙ በማይርቀው ሰፈረ ሰላም ግቢ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም የሚጠራው በመሥራቹ በዶክተር አክሊሉ ለማ (1935–1997 እ.ኤ.አ.፤ ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስም ነው። አክሊሉ በአብዛኛው የሚታወሱት እንዶድ የብልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በማግኘታቸው ሲሆን፣ ከግኝቱ ሥር ያለው የስኳር ኬሚስትሪ ግን እምብዛም አይነሳም።

በ1964፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ባገኙበት ዓመት፣ በዓድዋ የብልሃርዚያን ስርጭት ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ሕይወት ያላቸውን በዕቃ ሰብስበው አንዲት አጣቢ ጥቂት አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ተቋሙን የመሠረቱት ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር።

እንዶድ አረፋ የሚሰጠው በሳፖኒን ምክንያት ነው። ሳፖኒን ውሃ የማይስማማው እምብርትና ውሃ የሚስማማው የስኳር ሰንሰለት የተጣመሩበት ውሁድ ነው። የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ኬሚስቶች በ1974 የአንዱን ሳፖኒን መዋቅር ሲያሳውቁ ለማቶክሲን አሉት፤ በአገራችን የአጠራር ሥርዓት የተዘከረው የአባታቸው ስም መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለውን ውሁድ ለመመርመር ስኳሩን ከተያያዘበት ማላቀቅ ግድ ይላል። በቀጭን አሲድ ሲፈላ ትስስሩ ይበጠሳል፤ ኦሊያኖሊክ አሲድ የተባለው እምብርት ይዘቅጣል፣ እንደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ያሉት ስኳሮች ግን በውሃው ውስጥ ቀርተው በክሮማቶግራፊ ይለያሉ። ስኳርን ከፕሮቲን ለማላቀቅም አሲድና አልካሊ ያገለግላሉ፤ አሲዱ ከበረታ ግን ስኳሩ ራሱ ይፈርሳል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ኋላ የታወቀው ነው። ባልተወቀጠው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ ስኳር የተሸከመው በሁለት ወገን፣ በካርቦን 3 እና በካርቦን 28 ላይ ነው፤ በዚህ መልኩም ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይሉ እጅግ ደካማ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም በካርቦን 28 ላይ በኤስተር የተያያዘውን ስኳር ይቆርጣል፤ መርዛማው ሳፖኒን ያን ጊዜ ይገኛል። በሜታኖል ሲጨመቅ ግን ሁለቱም ስኳሮች እንዳሉ ይቀራሉ። የዓድዋ ሴቶች እንዶዱን ወቅጠው በውሃ ሲያሹት ትክክለኛውን ዘዴ አስቀድመው ይሠሩበት ነበር።

ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት በተካሄደው የዓድዋ ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳድረው ቁጥር 44ን መረጡ። ሁለቱ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ግን ዘገየ። በውጭ ደረጃውን የጠበቀ የመርዛማነት ምርመራ ተጠየቀ፤ ጥያቄው በራሱ ተገቢ ቢሆንም፣ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በቀላሉ እንደማይታመን አክሊሉ ደጋግመው አሳስበዋል። በካናዳ ድጋፍ የተካሄደው ምርመራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲታተም እንዶድ ዐይንን ክፉኛ እንደሚያስቆጣ፣ በዘረ መል ላይ ግን ለውጥ እንደማያስከትል አሳየ። አክሊሉ በ1997 ሲያርፉ እንዶድ ከሙከራ ጣቢያዎች አልፎ በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም ነበር።