ጀምስ ብሩስና ዋጊኖስ

በዚህ ዓመት የአንድ የክፍል ጓደኛችን ታናሽ ወንድም በደም ካንሰር ታሞ ሲታከም ስለ ከረመ፥ እኔም ስለ በሽታው ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ሳገላብጥ ሰነበትሁ። ከንባቤ መካከል በታሪክ ትምህርት የማውቀው ስም ብቅ አለ፤ ጀምስ ብሩስ። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣ ሰው ከደም ካንሰር ጋር ምን አገናኘው? ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ በ1730 ዓ.ም. በእስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። ቁመቱ እጅግ ረጅም፥ ፀጉሩ ቀይ፥ ቁጣው የቀረበ ሰው ነበረ። በ1754 ያገባት ሚስቱ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት፤ ከዚያ በኋላ አገር ለአገር መዞር ልማዱ ሆነ። በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ተሾመ፤ ዐረብኛና ጥቂት ሕክምናም ተማረ። በ1769 ምጽዋ ወርዶ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ።

ጎንደር ያን ጊዜ ሰላም አልነበረችም። ንጉሡ ወጣቱ ተክለ ሃይማኖት፥ ሥልጣኑ ግን የራስ ሚካኤል ስሑል ነበረ። በእቴጌ ምንትዋብ ቤት፥ በቁስቋም፥ ፈንጣጣ ገብቶ ልጆች ታመው ስለ ነበረ ብሩስን አስጠሩት። እሱም የተዘጋውን መስኮትና በር አስከፍቶ አየር አስገባ፤ የወይዘሮ አስቴር ልጅም ዳነ። በቤተ መንግሥት የተወደደው በዚህ የተነሣ ነው እንጂ በጀብዱው አይመስለኝም።

ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። እቴጌይቱ ይህን ሁሉ ባሕርና በረሃ አቋርጦ ይዞት የማይሄደውን ምንጭና ረግረግ ለማየት በመምጣቱ ይደነቁ እንደ ነበረ ራሱ ጽፎአል። እውነታቸውን ነው፤ ረግረጉን ይዞ አልሄደም። ይዞ የሄደው ሌላ ነገር ነው።

በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቅቆ በምዕራቡ ቆላ በኩል ወደ ስናር ሲያመራ ብርቱ ተቅማጥ ያዘው። የአገሩ ሰዎች ዋጊኖስ የሚባለውን ዛፍ አሳዩት፤ የሥሩን ቅርፊት ዱቄት ወስዶ ተሻለው። ዘሩንም ይዞ ሄደ። በ1779 ያ ዛፍ በፈረንጆች የዕፀዋት መዝገብ ብሩሴያ አንቲዲሴንቴሪካ ተብሎ ተጻፈ፤ የመጀመሪያው ቃል የብሩስ ስም፥ ሁለተኛው የተቅማጥ መድኃኒት ማለት ነው። መድኃኒቱን ያሳዩት ሰዎች ግን በስሙ ውስጥ የሉም።

እኔ ስለዚህ ነገር ለማጣራት ከእናቴ ጋር ሾላ ገበያ ወርጄ አንዲት መድኃኒት የሚሸጡ እናት ጠየቅሁ። ዋጊኖስን ለቁንጭርና ለቁስል እንደሚያውቁት፥ መጠኑን የማያውቅ ሰው ግን ፈጽሞ እንዳይነካው ነገሩኝ። ስለ ብሩስ ስጠይቃቸው ሰምተው አያውቁም።

ብሩስ በ1774 ለንደን ሲገባ የሚያምነው አጣ። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ አለ ማለቱ ለእነዚያ ሰዎች ተረት ሆነባቸው፤ የየካን ሥጋ ቤቶች አላዩምና! ተቀይሞ ርስቱ ላይ ተቀመጠና መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላዝንለትም። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን ከእሱ በፊት ማየቱን ካደ። ሥዕሎቹን የሣለለትንና በ1771 ጎንደር ላይ የሞተውን ጣልያናዊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም ወደ ምንጩ አብሮት እንዳልሄደ አድርጎ ጻፈው። በ1794 አንዲት እንግዳ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ስሙ ግን ከዛፉ ጋር ኖረ። በ1973 ሞሪስ ካፕቻን የተባለው አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከዋጊኖስ የደም ካንሰርን የሚቃወም ነገር አወጣና ብሩሴአንቲን አለው። ሥራው እንዲህ ነው። ሴል ያለ ትእዛዝ አይባዛም። ከውጭ የመጣ መልእክት በሴሉ ገጽ ላይ ያለውን ተቀባይ ይነካል፤ ተቀባዩ ለአንዱ ፕሮቲን፥ ያም ለሌላው እያቀበለ፥ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ በጥሪ እንደሚተላለፍ ወሬ ወደ ሴሉ እምብርት ይደርሳል። በደም ካንሰር ጊዜ ከተቀባባዮቹ አንዱ ማንም ሳይጠራው ይጮኻል፤ ሴሎቹም ያለ ልክ ይበዛሉ። በጥሪው መጨረሻ ከሚቆሙት አንዱ ሚክ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሴሉን እንዲያድግና እንዲባዛ ያዘዋል። ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ ግማሹ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈርሳል፤ ሴሉም ሳያቋርጥ አዲስ መሥራት አለበት። ብሩሴአንቲን የሴሉን የፕሮቲን መሥሪያ ያቆማል። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚጐድለው እንደ ሚክ ያለው አጭር ዕድሜ ያለው ነው።

ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰዎች ላይ ሲሞከር ከተሞከረባቸው ሕመሞች ዋናዎቹ የጡትና የቆዳ ካንሰር ነበሩ። ሕመምተኞቹን አስታወከ፥ የደም ግፊታቸውን ዝቅ አደረገ፥ እብጠቱ ግን አልቀነሰምና ተተወ። መጀመሪያ የታየበት ኃይል በደም ካንሰር ላይ ሆኖ ሳለ በሌላ መመዘኑ እስካሁን ያስቈጨኛል። በ2004 ተመራማሪዎች መልሰው አንሥተው የሰው የመቅኔ ካንሰር በተተከለባቸው አይጦች ላይ ሲሞክሩት እብጠቱ ቀነሰ፤ በሴሎቹም ውስጥ ሚክ ጐድሎ ተገኘ።

ያው ካፕቻን በ1972 ከኢትዮጵያ ከሄደ የአጣጥ ወገን ሜይታንሲን የተባለውን አውጥቶ ነበር። አጣጥ በእንጦጦ ግርጌ ከባሕር ዛፉ ጥግ ለጥግ የምናየው ቁጥቋጦ ነው። ሜይታንሲንም ብቻውን መርዙ ስለ በረታ ተትቶ ነበር፤ ኋላ ግን ቅርቡ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ በ2013 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር መድኃኒትነት ተፈቀደ። ዋጊኖስ ገና ከላቦራቶሪ አልወጣም።